የታችኛው ሊግ ጨዋታ አይቶ በዕለቱ ለመመለስ፦ ከዝግጅት እስከ መልስ ጉዞ

የታችኛው ሊግ ጨዋታ ለማየት ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት ለመግባት ምን ማሰናዳት ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ቁርጥራጭ መልስ ከመስጠት ሙሉውን አሠራር በቅደም ተከተል ማስቀመጥን መርጫለሁ። መመሪያው የተዘጋጀው በሕዝብ ማመላለሻ ለሚጓዝና ወደሚሄድበት ሜዳ ከዚህ ቀደም ሄዶ ለማያውቅ ተመልካች ነው። በራስዎ መኪና የሚጓዙ ከሆነ የሰዓት ስሌቱ ይቀልልዎታል፤ ሌላው ግን እንዳለ ይሠራል።

በላይኛው ሊግ የጨዋታው ቀንና ሰዓት ከቴሌቪዥን ስርጭትና አስቀድሞ ከተሸጠ ትኬት ጋር ስለሚተሳሰር በቀላሉ አይነቃነቅም። በታችኛው ሊግ ግን ሜዳው፣ ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ቀኑ ራሱ እስከ ዋዜማው ሊለወጥ ይችላል፤ በሜዳው ዙሪያም ጣሪያ፣ መቀመጫ፣ የውጤት ሰሌዳና መብራት ስለመኖሩ ማንም ዋስ አይሆንልዎትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈው በሁለት ሥራዎች ላይ ነው፤ አንደኛው ደጋግሞ ማረጋገጥ ሲሆን ሁለተኛው የቀኑን ሰዓት ከመመለሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- በአነስተኛ ኖቶች የተያዘ ጥሬ ገንዘብ። በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው ሰው የካርድ ማሽን ላይኖረው ይችላል፤ ለትልቅ ኖት የሚሆን መልስም ብዙ ጊዜ ያጥረዋል።
- ባትሪው የተሞላ ስልክና ፓወር ባንክ። ከዚህ በተጨማሪ የሜዳው ስም፣ የሰፈሩ ስምና የመጨረሻው መኪና መነሻ ሰዓት በወረቀት ላይ ተጽፎ ኪስዎ ውስጥ ይቀመጥ።
- ውሃ፣ በፕላስቲክ ኮዳ የተያዘ። የመስታወት ጠርሙስና ቆርቆሮ በብዙ ሜዳዎች በር ላይ ይወሰዳል።
- ሙቀት የማያበላሸው ቀለል ያለ ምግብ። ሜዳው አጠገብ የሚሸጥ ነገር ላይኖር ይችላል።
- ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ። ጃንጥላ ከኋላ የቆመውን ሰው ዕይታ ስለሚከልልና አንዳንድ በሮች ላይም ስለሚከለከል አይተካውም።
- የፀሐይ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት።
- በእጥፍ የሚያዝ ስፖንጅ ወይም ወፍራም ላስቲክ። የሲሚንቶ ደረጃ ሲረጥብ ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይ ሲውልበት ደግሞ ያቃጥላል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በባዶው ላይ መቀመጥ ይከብዳል።
- ሶሉ የማያንሸራትት ሽፍን ጫማ።
- እስክሪብቶና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር።
- መታወቂያ፣ እንዲሁም በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ የዕለቱ መጠን።

አሠራሩ

1. ጨዋታውን ይምረጡ።

በመጀመሪያ የሚለዩት ርቀቱን ነው። የአንድ መንገድ ጉዞው ከ3 ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ በዕለቱ የመመለሱን ሐሳብ ይተዉት፤ ለመሄድ 3 ሰዓት፣ ለመመለስ 3 ሰዓት፣ ቀድሞ ለመድረስ 1 ሰዓት፣ ለጨዋታውና ለመውጫው ደግሞ 3 ሰዓት ገደማ ሲደመር ቀኑ 10 ሰዓት ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ድካም የጨዋታውን ደስታ ይበላዋል። ቀጥለው ጨዋታው የሊግ ነው ወይስ የጥሎ ማለፍ የሚለውን ይለዩ። የሊግ ጨዋታ በአቻ ውጤት ሊያበቃ ይችላል፤ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ግን በውድድሩ ደንብ መሠረት ወደ ተጨማሪ ሰዓትና ወደ መለያ ምት ሊሄድ ስለሚችል የመመለሻ ሰዓትዎን በቀጥታ ይነካዋል። ለመጀመሪያ ጉዞ የሊግ ጨዋታ ይሻላል።

የሁለቱን ቡድኖች ደረጃም አስቀድመው ይመልከቱ። በውድድሩ ማብቂያ አካባቢ አንዱ ለማደግ ሌላው ላለመውረድ የሚጫወቱበት ግጥሚያ ከሁሉ የበለጠ ትኩስ ነው፤ በዚያው ልክ የተመልካቹ ቁጥር ስለሚጨምር በር ላይ መጨናነቅ ይኖራል። እንዲህ ባሉ የመጨረሻ ሳምንታት ውጤት አይቶ መጫወትን ለመከላከል ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀምሩ ስለሚደረግ፣ ለወራት ያልተለወጠ ሰዓትም በድንገት ሊለወጥ እንደሚችል ያስቡ።

2. ሰዓቱን ከመመለሻው ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

አብዛኛው ሰው የሚያሰላው መቼ እንደሚነሣ ነው። እርስዎ ግን የመጨረሻው መኪና ወይም ባቡር ከዚያ ከተማ መቼ እንደሚነሣ ከማወቅ ይጀምሩ፤ ይህ ሰዓት ካልታወቀ ትኬት አይቁረጡ።

የአንድ ጨዋታ መደበኛ ርዝመት ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ ሲሆን ዕረፍቱ ከ15 ደቂቃ መብለጥ የለበትም፤ ድምሩ 105 ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ ለጉዳት፣ ለተጫዋች ቅያሪና ለባከነ ጊዜ ዳኛው የሚጨምረው ደቂቃ አለ፤ ለሁለቱም አጋማሽ በድምሩ 10 ደቂቃ ይያዙ። በታችኛው ሊግ ጨዋታ በሰዓቱ የማይጀምርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦ የእንግዳው ቡድን መኪና ዘግይቶ ይደርሳል፣ መረቡ ይቀደዳል፣ መስመሩ እንደገና ይሰመራል። ለዚህም 15 ደቂቃ ይጨምሩ።

ለምሳሌ ጨዋታው ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ ይጀምራል ቢባል፣ በተግባር 9፡15 እንደሚጀምር ይቁጠሩት። 105 ደቂቃ ሲታከልበት 11፡00 ይሆናል፤ ከባከነው ሰዓት ጋር 11፡10 ላይ ያበቃል። ከሜዳው ወጥቶ በእግር መኪና መያዣው ድረስ ለመሄድ 20 ደቂቃ፣ ለማይታሰበው ደግሞ 30 ደቂቃ ሲያዝ 12፡00 ይደርሳል። እንግዲህ የመጨረሻው መኪና ከ12፡00 ሰዓት በፊት የሚነሣ ከሆነ ያ ጨዋታ በዕለቱ ለመመለስ አይሆንም ማለት ነው። ጥሎ ማለፍ ከሆነ ተጨማሪ ሰዓቱ እያንዳንዳቸው ከ15 ደቂቃ የማይበልጡ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ መለያ ምቱና በመካከል ያሉት አጫጭር ዕረፍቶች ሲታከሉ ሌላ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ መኪናው 12፡50 ወይም ከዚያ በኋላ የሚነሣ መሆን አለበት።

በታችኛው ዕርከን የሚካሄዱ የወጣቶች፣ የአንጋፋዎችና የሠፈር ውድድሮች አጋማሻቸውን ማሳጠር ስለሚፈቀድላቸው የዕድሜ ምድቡን ይጠይቁ። መርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከንጋት 12 ሰዓት ተነሥቶ የሚቆጠር ነው ወይስ ከእኩለ ሌሊት የሚለውንም አብረው ያጣሩ፤ “9፡00” የሚለው ቁጥር በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት ያመጣል።

3. ሜዳውን በስሙ ሳይሆን በጨዋታው ያረጋግጡ።

አንድ ክለብ የራሱ ሜዳ አለው ማለት ሁሉንም ጨዋታ እዚያ ያደርጋል ማለት አይደለም። ሣሩ ለማገገም ሊዘጋ ይችላል፤ ሜዳው የሊጉን መስፈርት ሳያሟላ ሊቀር ይችላል፤ ክለቡ ተቀጥቶ ያለ ተመልካች ወይም በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወት ሊወሰንበትም ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በክለቡ ስም በሚጠራ ሜዳ በር ላይ ከመጀመሪያው ፊሽካ 50 ደቂቃ ቀድሜ ደርሼ፣ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት አገኘሁት። ስህተቱ የአጠያየቄ ነበር፤ ስልክ ደውዬ “ሜዳችሁ የት ነው?” ብዬ ስለጠየቅሁ በትክክል የተመለሰልኝ የሜዳቸው አድራሻ ነበር፤ ጨዋታው ግን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው “የቅዳሜው ጨዋታ የት ሜዳ ላይ ነው?” ብዬ ነው፤ እርስዎም እንደዚሁ ይጠይቁ።

ሜዳውን ሲያውቁ አራት ነገሮችን አብረው ይጠይቁ፦ ተመልካች ይፈቀዳል ወይ፣ ትኬት የሚቆረጠው በር ላይ ነው ወይስ አስቀድሞ፣ ጣሪያ አለ ወይ፣ መብራት አለ ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም ዋጋ አለው፤ መብራት በሌለው ሜዳ ላይ ዘግይቶ የተጀመረ ጨዋታ በጨለማ ምክንያት ሊቋረጥ ይችላል።

4. በዋዜማውና በዕለቱ ጠዋት እንደገና ያረጋግጡ።

የመጀመሪያውን ማረጋገጫ ከአወዳዳሪው አካል መርሐ ግብር፣ ሁለተኛውን ከባለሜዳው ክለብ ይውሰዱ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ክለቡ ለሜዳው ቅርብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እሱ ነው። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ከጣለ ጠዋት ላይ ሦስተኛ ጊዜ ይደውሉ። ሜዳው ለጨዋታ የሚበቃ መሆን አለመሆኑን በቦታው ተገኝቶ የሚወስነው ዳኛው በመሆኑ፣ ውሃ የቋጠረ ሜዳ ከጨዋታው በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ካልተነሡ ገንዘብዎንም ቀንዎንም ያድናሉ።

5. ከጨዋታው 1 ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ደርሰው በመጀመሪያ የሚያዩት ሜዳውን አይሁን።

ከመኪና እንደወረዱ መመለሻውን መኪና የሚይዙበትን ቦታ በዓይንዎ ይዩት፣ የመጨረሻውንም መነሻ ሰዓት እዚያው ያሉትን ሠራተኞች ይጠይቁ። በበዓልና በዕረፍት ቀናት የሚሠራው የጉዞ ሰሌዳ ከሥራ ቀን የተለየ ሊሆን ስለሚችል ቤትዎ ሆነው ያነበቡት ሰዓት ላይሠራ ይችላል፤ ጨዋታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በእነዚሁ ቀናት ነው። ከዚያ ወደ ሜዳው በእግርዎ እየሄዱ ደቂቃውን ይቁጠሩ። ሲመለሱ የሚፈጅብዎትን ጊዜ በትክክል የሚነግርዎት ይህ ነው።

6. በሩን ይለፉ።

ትኬቱን እስከ መጨረሻው አይጣሉት፤ በዕረፍት ሰዓት ወጥተው ለመግባት ወይም ጨዋታው ቢቋረጥ ገንዘብዎ ይመለስ እንደሆነ ለመጠየቅ ያስፈልግዎታል። የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ከሆኑ ለእንግዳ ደጋፊ የተለየ ቦታ መኖሩን በር ላይ ይጠይቁ። ቦታ ካልተለየ ማልያዎን በጃኬት ሸፍነው መቆየቱ ብልህነት ነው።

7. ቦታዎን በፀሐይና በከፍታ ይምረጡ።

የታችኛው ሊግ ትልቁ ጸጋ የመቀመጫ ቁጥር የሌለው መሆኑ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ የፈለገውን ይይዛል። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በስተ ምዕራብ ስለምታዘቀዝቅ፣ ከሜዳው በስተ ምዕራብ ያለውን ጎን ይዘው ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ካደረጉ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ትሆናለች። ብዙ ስታዲየሞች ሜዳቸውን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጉትና ዋናውን ትሪቡን በምዕራብ በኩል የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው። ትንሽ ሜዳ ግን መሬቱ በፈቀደለት አቅጣጫ ስለሚሠራ የትሪቡኑን ቦታ አይመኑ፤ ሰማዩን አይተው ይወስኑ።

በመቀጠል ከፍታውን ይመልከቱ። ደረጃ ካለ ከመሬት ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ከፍ ይበሉ። ከመስመሩ አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሰው ኳሷን እንጂ ክፍት ቦታውን አያይም፤ ከፍ ያለ ሰው ግን ተከላካዮቹ ሲሰበሰቡ፣ አማካዩ ሲዘገይ፣ ክንፉ ባዶ ሲቀር ያያል። ደረጃ ከሌለ በመሐል መስመር ትይዩ ትንሽ ወደ ኋላ ይቁሙ። የሜዳ ርዝመት በደንቡ ከ90 እስከ 120 ሜትር ስለሚደርስ፣ ከአንዱ ጎል ጀርባ የቆመ ሰው በሌላው ጫፍ የሚሆነውን በጭራሽ አይለየውም።

ከዚህ የተለየ አንድ ምክር አለኝ፦ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከአሠልጣኞቹ ወንበር አቅራቢያ ይቁሙ። ጩኸት በሌለበት ሜዳ አሠልጣኙ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ ግብ ጠባቂው ተከላካዮቹን የሚያስተካክልበት ድምፅ፣ ዳኛውም ለተጫዋቹ የሚሰጠው ማብራሪያ በግልጽ ይሰማል። ይህን በቴሌቪዥንም በትልቅ ስታዲየምም አያገኙትም፤ ብዙ ሰው ከቤት ድረስ ተጉዞ ይህን ሳይሰማ መመለሱ ያስቆጨኛል።

ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል እንደሚቀያየሩ አስታውሰው፣ የሚደግፉት ቡድን ወደሚያጠቃበት በኩል መዛወር ከፈለጉ የዕረፍቱን 15 ደቂቃ ይጠቀሙ።

8. አሰላለፉን ይጻፉ።

የውጤት ሰሌዳም የተጫዋች ስም የሚጠራ ድምፅ ማጉያም ላይኖር ስለሚችል፣ ቡድኖቹ ሲያሟሙቁ የማልያ ቁጥራቸውንና የሚቆሙበትን ቦታ በደብተርዎ ላይ ያስፍሩ። ጎል ሲቆጠር ደቂቃውንና ቁጥሩን ይያዙ። ሰዓትዎን በመጀመሪያው ፊሽካ ላይ ያስነሡት፤ የጨዋታውን ሰዓት የሚነግርዎት ሌላ ላይኖር ይችላል።

ከለመዱት የተለየ ነገር ቢያዩ አይደነቁ። በወጣቶችና በሠፈር ደረጃ ባሉ ውድድሮች የአገሩ ፌዴሬሽን ከፈቀደ፣ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ቢጫ ካርድ ያየም በጊዜያዊነት ከሜዳ ወጥቶ፣ ለምሳሌ በ90 ደቂቃ ጨዋታ 10 ደቂቃ፣ ቆይቶ ሊመለስ ይችላል። የአንዱ ቡድን ተጫዋች ቁጥር ከ7 በታች ከወረደ ደግሞ ጨዋታው መጀመርም መቀጠልም አይችልም። በሙቀት ቀን ዳኛው ለውሃ ከ1 ደቂቃ የማይበልጥ፣ ሰውነት ለማቀዝቀዝ ደግሞ ከ90 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ ዕረፍት ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ጊዜ በባከነው ሰዓት ላይ ስለሚታከል በመመለሻ ስሌትዎ ውስጥ ያስገቡት።

9. መውጫዎን ያስቀድሙ።

በደረጃ 2 ያሰሉት የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ይነሡ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የሚቀለው፣ 80ኛው ደቂቃ ላይ ወደ መውጫው በር ተጠግቶ የቀረውን ከዚያ ማየት ነው፤ ፊሽካው ሲነፋ ከሰልፉ ፊት ይሆናሉ።

ማስጠንቀቂያዎች

ነጎድጓድ ከሰሙ ጨዋታው ቢቀጥልም እርስዎ አይቀጥሉ። ግድግዳና ጣሪያ ወዳለው ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ወዳለው የተዘጋ መኪና ይግቡ፤ ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶና ጎኑ ክፍት የሆነ ትሪቡን መጠለያ አይደሉም። ወደ ሜዳው የሚመለሱት ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሲሞላ ነው።

በማሟሟቂያ ሰዓት ከጎሉ ጀርባ ጀርባዎን ሰጥተው አይቁሙ። በዚያ ሰዓት ብዙ ኳሶች በአንድ ጊዜ ወደ ጎል ይመታሉ፤ መረብ የሌለው አጥርም አያቆማቸውም። ከልጆች ጋር ከሄዱ ይህ የበለጠ ይሠራል።

ወደ ሜዳው የሚለየው ገመድ ወይም ዝቅ ያለ አጥር ብቻ ቢሆንም አይሻገሩ፤ የተመልካች ወደ ሜዳ መግባት ዳኛው ጨዋታውን እንዲያቋርጥ፣ ባለሜዳውም እንዲቀጣ ምክንያት ይሆናል። ከመስመሩ አጠገብ ሲቆሙም ረዳት ዳኛው የሚሮጥበትን መንገድ ክፍት ይተዉ። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ተጫዋቾች በሚጫወቱበት ጨዋታ ላይ ከቡድን መሪው ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ዋነኛው ስህተት መርሐ ግብሩን በውድድሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ አንብቦ በዚያው መጓዝ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ጨዋታው “90 ደቂቃ ነው” ብሎ ማስላት ነው፤ ከላይ እንደታየው ከፊሽካ እስከ ፊሽካ ብቻ ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል።

በስም የሚመሳሰሉ ክለቦችን ማምታታትም ያጋጥማል። የአንድ ክለብ ዋናው ቡድን፣ የሴቶች ቡድኑና የወጣቶች ቡድኑ በአንድ ቀን በሦስት የተለያዩ ሜዳዎች ሊጫወቱ ስለሚችሉ፣ ሲጠይቁ የቡድኑን ምድብ ጨምረው ይጥሩ።

አንዳንዶች ጨዋታው ሲቋረጥ ወዲያው ይወጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ መቼ እንደሚቀጥል ሳያውቁ ተቀምጠው መኪና ያመልጣቸዋል። ሁለቱም ተገቢ አይደለም። ጨዋታው ለጊዜው የቆመ ነው ወይስ ጨርሶ የተሰረዘ የሚለውን ከባለሜዳው ሠራተኛ ጠይቀው፣ የሚጠበቀውን ደቂቃ በመመለሻ ስሌትዎ ላይ ይደምሩና ይወስኑ። ጨርሶ የተቋረጠ ጨዋታ የውድድሩ ደንብ ወይም አወዳዳሪው ሌላ ካልወሰነ በቀር እንደገና የሚካሄድ ስለሆነ፣ ከመውጣትዎ በፊት የያዙት ትኬት ለሚደገመው ጨዋታ ያገለግል እንደሆነ በሩ ላይ ይጠይቁ።